ጀርባውን ብቻ አንብቤ የፈረድሁበት መጽሐፍ

ሠላሳ አንድ ዓመት ግብረ ገብና አማርኛ ያስተማረ ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ መንቀፍ እንደማይገባው ከማንም የተሻለ ያውቃል። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ሳን ሆዜ በሚገኘው በልጅ ልጄ በሊያ ቤት፣ ሶፋው ላይ ያገኘሁትን ልብ ወለድ አነሣሁ። ሁለት ሴቶች እንደሚዋደዱበት ከጀርባው ተረዳሁና ስለ ዘመኑ ሥነ ጽሑፍ ውድቀት ሃያ ደቂቃ ያህል ተናገርሁ። ወጡ ቀዘቀዘ። ሊያ እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀች።

«አባባ፣ አንብበውታል?»

«ጀርባውን አንብቤዋለሁ።»

«ጀርባውን እኮ ደራሲዋ አይደለችም የጻፈችው። ማርኬቲንግ ነው።»

«ፍሬ ከቅርፊቱ ይታወቃል።»

«ሙዝ ከነቅርፊቱ ነው የሚበሉት?»

አብራት የምትኖረው መቅዲ ሳቋን በናፕኪን አፈነች። ሊያ ተነሥታ ከመደርደሪያው ሁለት መጻሕፍት ጨመረችና ሦስቱንም ጭኔ ላይ ቆለለቻቸው።

«እነዚህን ይጨርሱ። እስኪጨርሱ የእሑድ ምሳ የለም። ለጰራቅሊጦስ ኦራል ኤግዛም አለብዎት።»

«አንቺ እኔን ልትፈትኚ?»

«ሲሪየስሊ፣ አባባ።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ልጄ፣ የሊያ እናት፣ ካረፈች ወዲህ በዚህ አገር የቀረችኝ ሥጋ ሊያ ብቻ ናት። የማገኛትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከኦክላንድ በባቡር ወርጄ ምሳ ስንበላ ብቻ ነው። በዚያ ላይ በጰራቅሊጦስ ማግስት ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ ያ እሑድ ካመለጠኝ ዶሮውም ያመልጠኛል።

ቤቴ እንደ ገባሁ መጻሕፍቱን ለበድኋቸው። በእኛ ዘመን ያልተለበደ መጽሐፍ ይዞ የመጣ ተማሪ ከክፍሉ በር ላይ ይመለስ ነበር። ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ የቤተ ክርስቲያናችንን ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ቀደድሁ። ለመጀመሪያው መስከረም፣ ለሁለተኛው ጥቅምት ደረሰው። ያ የነቀፍሁት ሦስተኛው ኅዳርን ለበሰ፤ በኅዳር ገጽ ላይ ደግሞ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል። እንዲህ ከተለበዱ በባቡርም ሆነ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምን እንደማነብ ማንም አይጠይቀኝም። ይህን ጥቅም አስቀድሜ አላሰብሁትም ብል እዋሻለሁ።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለት ወንዶች አልባኒ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ቤት ይወርሳሉ፤ በዚያም ይዋደዳሉ። ስለ መዋደዳቸው የምለውን ልጽፍ ቀይ እርሳሴን ቀርጬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሆኖም እስከ ገጽ መቶ አርባ ድረስ አንድም ሸሚዝ እንዳልታጠበ ባየሁ ጊዜ ሌላው ሁሉ ተረሳኝ። ደንበኞች ልብሳቸውን አስረክበው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን መስኮቱን ተደግፈው የልጅነታቸውን ነገር ያወራሉ። የሰው ልብስ ተይዞ ትዝታ አይወራም! በአንጻሩ ፎቅ ላይ የምትኖረውን አሮጊት ጎረቤታቸውን አንድ ቀን ሳያቋርጡ ሾርባ ያጠጣሉ። ለጠባይ ዘጠና፣ ለሥራ ፍቅር አሥራ ሁለት ሰጠኋቸው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ባለታሪኩ ሳኒቬል ውስጥ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ወይም ናት፤ ጉዳዩ ገና አልተወሰነም፤ ደራሲውም አራት ነጥብ የሚባል ነገር አይወድም። የጾታው ነገር እስከ ገጽ ሰማንያ አስጨነቀኝ። ከዚያ በኋላ ያስጨነቀኝ እራቱ ነው። በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሲሪያል በወተት ከመብላት በቀር እሳት የነካው ምግብ አይቀምስም። እናት አለው፤ ስልክም አለው፤ አይደውልም። በኅዳጉ ላይ ተግሣጽ ልጽፍ ጀመርሁና አንተ ልበል አንቺ ስላላወቅሁ «እባክዎ ለእናትዎ ይደውሉ» ብዬ ጻፍሁ። ገጽ ሁለት መቶ አሥር ላይ ሲደውሉ ከልቤ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ እስከ መጨረሻው በአክብሮት አነበብኋቸው።

በሦስተኛው መጽሐፍ ዊላና ሮዛ የሚባሉ ሴቶች ፍሪሞንት ውስጥ ዳቦ ቤት ይከፍታሉ። እነዚህስ ይሠራሉ፤ ጎሕ ሳይቀድ ሊጥ ላይ ናቸው። ገጽ ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ደርሼ አርባ ገጽ ያህል ሲቀረኝ፣ ለጰራቅሊጦስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ መጽሐፉ ከአዳራሹ ወንበር ላይ ጠፋ። ሌላ እንዳልገዛ ረዥሙን የእንግሊዝኛ ርእስ አልያዝሁትም። ሊያን ብጠይቅ መጽሐፏን ጥያለሁ ማለቴ ነው። ከቅዳሴ በኋላ እንዳላስነግር ደግሞ «ከውጭ ቅዱስ ሚካኤል፣ ከውስጥ ሁለት ዳቦ ጋጋሪዎች ያሉበት መጽሐፍ ያገኛችሁ» ተብሎ እንዴት ይታወጃል?

በጰራቅሊጦስ ዕለት ቅዳሴው እንዳለቀ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ወደ እኔ መጡ። በትልቅ ሆቴል ሠላሳ ዓመት ክፍል አጽድተው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ከነጠላቸው ሥር ኅዳርን አወጡ።

«መምህር፣ ይሄ ቀይ ጽሕፈት የእርስዎ እጅ አይደለም?»

«እርስዎ ነዎት የወሰዱት?»

«ድርሳነ ሚካኤል መስሎኝ ላነበው ነበር። ገለጥ ሳደርገው ዊላና ሮዛ ዱቄት ይወራወራሉ።»

«ታዲያ ወዲያው አይመልሱትም?»

«ማን እንዳሸነፈ ሳላውቅ?»

እንግሊዝኛ ልብ ወለድ እንደሚያነቡ አላውቅም ነበር። ይህን ብላቸው ተቆጡ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ አልጋ ሥር ጥሎት የሚሄደውን መጽሐፍ ማን የሚያነበው ይመስልዎታል? ከእርስዎ በላይ አንብቤያለሁ። ማርክ ግን አልሰጥም።»

«ይስጡኝ፤ ዛሬ ፈተና አለብኝ።»

«አልሰጥም። እኔም አርባ ገጽ ይቀረኛል።»

ስለዚህ አብረን ባቡር ተሳፈርን። መጽሐፉን በሁለታችን ጉልበት መካከል ዘርግተን ማንበብ ጀመርን።

«ይግለጡት።»

«ገና ነኝ።»

«የሚያነቡት ነው ወይስ የሚያርሙት?»

«ሁለቱንም።»

በዚህ ሁኔታ ጥቂት እንደ ተጓዝን የዊላ አባት ድግስ ላይ ብቅ አለ። ሮዛን ለእንግዶቹ ሲያስተዋውቅ «ይህች የልጄ ተከራይ ናት» ይላል። አምስት ዓመት ከልጁ ጋር የኖረችውን፣ ታምሞ ሳለ ያስታመመችውን! በቀይ ትልቅ ዜሮ ጻፍሁ። «ይህ አባት ነው? በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት የሚዋሽ!» ድምፄ ከፍ ስላለ ብስክሌት የያዘ ጎልማሳ ከጆሮው የሰካውን ማዳመጫ ነቅሎ ተመለከተኝ።

ወለተ ማርያም ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳረፉ። «መምህር፣ መቅዲን ለእኔ ማን ናት ብለው ነበር?»

«የትኛዋን መቅዲ?»

«ስንት መቅዲ አለችን? ‹ሊያ ደግ ተከራይ አገኘች› ካሉኝ ሦስት ዓመት ሆነ። ለቄሱም እንዲያው ነው የነገሯቸው።»

«እርሱ ሌላ ነው።»

«በምን ይለያል?»

«ይህኛው ልብ ወለድ ነው።»

«አዎ። የእርስዎም።»

ቀይ እርሳሴን ኪሴ ከተትሁት። ከፍሪሞንት ወዲህ ማንበብም አልቻልሁም። እርሳቸው ግን እየገለጡ ቀጠሉ፤ ሳን ሆዜ ስንወርድ ጨርሰው ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጉ ነበር።

በሩን የከፈተችው ሊያ ናት። የዶሮው ሽታ ቀድሟት ወጣ።

«ሃይ አባባ! ጨረሱ?»

ወለተ ማርያም ከኋላዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና «አዎ ይበሉ፤ መጨረሻውን እነግርዎታለሁ» አሉ። ሹክሹክታቸው ለሕንፃው ሁሉ ይሰማ ነበር።

«ሃያ ሁለት ገጽ ይቀረኛል» አልሁ።

«እንግዲያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ይጨርሱ። እትዬ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ጨርሻለሁ፣ ልጄ።»

«ይግቡ።»

ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከክፍል ስባረር ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለት ገጽ እንዳነበብሁ መቅዲ ሳህን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች። «አባባ፣ ፈረሰኛዋን አስቀርቼልዎታለሁ። ሊያ ሳታይ ቶሎ ይብሉ።»

«በፈተና ሰዓት?»

«ማንም አያይም እኮ።»

«መልሺው፣ መቅዲ።»

መልሳ ወሰደችው። ሽታው ግን አብሮኝ ቀረ። ማንበቤን ቀጠልሁ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ ወለተ ማርያም በመስኮቱ ብቅ እያሉ «ዳቦው ጋ ደረሱ?» ይላሉ። በመጨረሻው ምዕራፍ የዊላ አባት ዳቦ ቤቱ ድረስ መጥቶ እንደ ማንኛውም ሰው ይሰለፋል። ከሮዛ እጅ አንድ ዳቦ ይገዛል፤ ምንም አይናገርም፤ ሁሉም ያለቅሳል፤ መጽሐፉ ያልቃል። ተነሥቼ በሩን አንኳኳሁ።

ሊያ ወንበር ሰጠችኝ፤ ሳህኔን ግን ባዶውን ተወችው። «ኦኬ። ኦፒኒየንዎን እንስማ።»

«መጨረሻው ደካማ ነው። ተሰልፎ ዳቦ መግዛት ንስሐ አይደለም። ሰውዬው የዋሸው በአፉ ነው፤ መመለስም የነበረበት በአፉ ነው። ደራሲዋ አለችግር አሳለፈችው።»

«ምን ማለት ነበረበት?»

ፈተናው ይህ ጥያቄ እንደ ሆነ፣ የቀረው ሁሉ ማሟሟቂያ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሊያ እየተመለከተችኝ ነበር፤ መቅዲ ወደ ወጡ አቀርቅራለች።

«ያልገባኝ ብዙ አለ» አልሁ፤ «በእርሱ ወደፊት እንከራከራለን።» ከዚያም ወደ መቅዲ ዞርሁ። «አባትሽ ማን ይባላሉ?»

«ሰረቀብርሃን።»

«የት ይኖራሉ?»

«ሳኒቬል።»

«ደኅና ናቸው? እናትሽስ?»

ሊያ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። እዚህ ተወልዳ ብታድግም፣ ይህ ጥያቄ በየትኛው ቀን፣ ለየትኛዋ ልጅ እንደሚቀርብ ታውቃለች። ወለተ ማርያም እልልታቸውን አቀለጡት።

«ቆይ! ገና ነው!» አልሁ። «ነገሩ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል።»

ከዚህ በኋላ ግን ችግር ገጠመኝ። ሽማግሌ የሚልከው የወንድ ወገን ነው፤ በዚህ ማዕድ ዙሪያ የወንድ ወገን የሚባል የለም። «ታዲያ የሚልከው ማን ነው?»

«አባቴም በዚሁ ግራ ገብቶት ነበር» አለች መቅዲ። «በኋላ ‹መምህሩ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ከኦክላንድ እስኪልኩ እጠብቃለሁ› ብሎ ወሰነ።»

«መቼ ነው የወሰኑት?»

«ካቻምና።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋ ሰው ሳኒቬል ውስጥ በሩን እያየ ሲጠብቀኝ ኖሯል! በማንም ላይ ቀይ ዜሮ የማሳርፍ ሰው እኔ ነኝ እንግዲህ። «ነገ እንሄዳለን» አልሁ።

«ነገ ጾም ይገባል» አሉ ወለተ ማርያም።

«ሽማግሌ ጥያቄው ሳይመለስለት እህልም ወንበርም አይቀበልም። ጾሙ ይስማማዋል።»

ሊያ ሳህኔን ሞላችው። አለፍሁ ወይስ ወደቅሁ ብዬ አልጠየቅሁም፤ አፌ ሞልቶ ነበር።

«እኔም ሽማግሌ ሆኜ እሄዳለሁ» አሉ ወለተ ማርያም።

«ሴት ለሽምግልና ስትላክ አይቼ አላውቅም።»

«ተከራይስ ስትዳር አይተው ያውቃሉ?»

«እንግዲያው ምቹ ጫማ ያድርጉ» አልኋቸው፤ «ሁለት ዓመት ያስጠበቅነው ሰው ነው፤ ቶሎ ተቀመጡ አይለንም።»