አሜሪካዊቷ ፈራሚ

ሚስቴ ዳናይት አሜሪካዊት ናት። ይህን ስናገር የማያውቀን ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ግቢያችን ውስጥ ሁለት መኪና የቆመ ይመስለዋል። ግቢያችን ውስጥ ያለው ቢጫ ጀሪካን ነው። መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ ባለች የድንጋይ ቤት ከአባቷና ከልጃችን ከኣሪያም ጋር እንኖራለን። እሷ ፋርማሲስት ናት፤ እኔ ከናዝሬት መጥቼ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ደመወዛችን ተደምሮ የአንድ አሜሪካዊ ውሻ የወር ቀለብ አይሸፍንም።

አሜሪካዊነቷ የአባቷ ሥራ ነው። ኣቦይ ሃይላይ በወጣትነታቸው ለትምህርት ኦሃዮ ሄደው ሳለ ተወለደች፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ይዘዋት መቀሌ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካን ያየችው በቴሌቪዥን ነው። አባቷ ግን የልደት ምስክር ወረቀቷን በመስታወት አስገብተው ሳሎን ውስጥ ከሚካኤል ሥዕል ትንሽ ዝቅ አድርገው ሰቀሉት። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ካላየው እሳቸው እንዲያየው ያደርጉታል። ፓስፖርቷ ጊዜው ባለፈ ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ ወስደው ያሳድሱላታል። እሷ ጥርስ እንደሚታከም ሰው ዝም ብላ ትከተላቸዋለች።

ይህ ዜግነት ምን እንዳደረገላት ልንገራችሁ። ኣሪያም ሲወለድ ኣቦይ ሃይላይ ሁለተኛ መስታወት ገዝተው ነበር። ኤምባሲው ግን እናቱ እዚያ አገር በቂ ዓመት ስላልኖረች ዜግነቷ ለልጇ አይተርፍም አለ። እኔም አብሬያት ልሄድ ቪዛ ጠይቄ፣ ሚስቱ አሜሪካዊት የሆነች ሰው መቼ ይመለሳል ተብዬ ተከለከልኩ። ስለዚህ አሜሪካ ከቤታችን የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለተኛውን መስታወት እኔ የሠርጋችንን ፎቶ አስገባሁበት።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ ከኣቦይ ሃይላይ ይብሳል። እኛ ሰፈር ለዕድርም ሆነ ለሌላ መዋጮ ባንክ ላይ የሚፈርም ሰው ሲመረጥ፣ ሒሳብ ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው፣ ገንዘቡ በማን ስም ቢቀመጥ ማንም አይነካውም የሚለው ነው። የአሜሪካ ሰው ስም ካለበት ማን ይደፍራል ተባባሉና፣ ገና ከጦርነቱ በፊት ዳናይትን የዕድሩ ፈራሚ አደረጓት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ባንክ ሁሉ ሲዘጋ አሜሪካዊቷ የምትፈርምበት ሒሳብም ከሌላው እኩል ተዘጋ። ሰዎቹ ግን ከዚህ ምንም አልተማሩም።

ባለፈው ዓመት የጉድጓድ ውሃ ነገር ተነሣ። የቧንቧው ውሃ ዳገታችን ላይ ለመውጣት ፈቃደኛ አይደለም፤ በቦቴ እየገዛን ነው የምንጠጣው። ሰፈሩ አዋጣ፣ ውጭ ያሉ ልጆችም ላኩ፣ ከሁለት ሚሊዮን ብር በላይ ተሰበሰበ። የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ ፍሰሃጽዮን፣ በጡረታ ላይም ሆነው ሰው በቀጠሮ የሚያነጋግሩ የቀድሞ የመንግሥት ኃላፊ፣ ፈራሚ ማን ይሁን ብለው ገና ሳይጨርሱ የሁሉም ጣት ወደ ዳናይት ሄደ። እሷም ደስ አላት። ቦቴው ሲመጣ ጀሪካን ተሸክማ የምትሮጠው እሷ ናት፤ ያንን ጉድጓድ እኔ ነኝ የማስቆፍረው እያለች ስትዘምር ሰነበተች። ከሠርጋችን ወዲህ እንዲያ ስትደሰት አላየኋትም።

አዲሱን ሒሳብ ልትከፍት ባንክ ሄደች። ቅጹ አሜሪካ ውስጥ ተወልደዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ አለች። ወጣቱ የባንክ ሠራተኛ ፊቱ በርቶ የተሻለ ወንበር አመጣላት። ቀጥሎ የአሜሪካ የግብር መለያ ቁጥሯን ጠየቃት። እንዲህ ያለ ነገር ኖሯት እንደማያውቅ ስትነግረው ወንበሩን መልሶ ሊወስድባት ምንም አልቀረውም።

ቤት እንደመጣች ሲያትል ለሚኖረው ለአጎቷ ልጅ ለሽሻይ ደወለች። ሽሻይ አውቶቡስ ይነዳል፤ በግብር ወራት ደግሞ ያገሩን ልጆች የግብር ወረቀት እየሞላ ጥቂት ያገኛል። ብዙ ሳቀባት፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። አሜሪካዊ የሆነ ሰው የትም ይኑር የት፣ ውጭ አገር ባንክ ያሉት ሒሳቦች አንድ ላይ ከዐሥር ሺህ ዶላር ካለፉ በየዓመቱ ማሳወቅ አለበት አላት። ገንዘቡ እኮ የሰፈር ነው አለችው። የማንም ይሁን፣ የምትፈርሚ ከሆነ ታሳውቂያለሽ፤ የዕድሩንም፣ የጉድጓዱንም፣ ያለፉትን ስድስት ዓመታትም ጭምር። ከደመወዝሽ ግን የምትከፍይው ግብር አይኖርም አላት።

ስልኩን ተቀብዬ፣ ታዲያ የማትከፍል ከሆነ ምን ይፈልጋሉ አልኩት።

"መምህር፣ መክፈል የለም፤ መንገር ነው" አለኝ። "አለመንገር ግን ያስቀጣል። ቅጣቱን ብነግርህ ቤታችሁን ሸጣችሁም አትሞሉትም።"

እስቲ ይታያችሁ። ሌላው መንግሥት ሁሉ ማለት ይቻላል ግብር የሚጠይቀው አገሩ ላይ የሚኖረውን ሰው ነው። ይኼኛው በዳይፐር የወጣችበትን ሕፃን ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ለልጇ የሚተርፍ ዜግነት የላትም ያለው መንግሥት፣ የእንዳ ኢየሱስ ዕድር ድንኳን መግዣ ስንት እንደሆነ ካላወቀ እንቅልፍ አይወስደውም። በዓለም ላይ ሀብታቸውን ደብቀው የሚኖሩ ቱጃሮች ሞልተው፣ እነሱን ለማጥመድ የተዘረጋው መረብ የያዘው የእኔን ሚስት ነው። ዝም በይው፣ ማን ያይሻል አልኳት። መልሷ አጭር ነበር፤ የምፈርም ከሆነ የፈረምኩበትን አልደብቅም አለች። ከእሷ ጋር በዚህ ነገር መከራከር ጉሮሮ ማድረቅ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጣ መሙላት ጀመረች። ለየዓመቱ የሚጠየቀው፣ ሒሳቡ በዚያ ዓመት ውስጥ የደረሰበት ከፍተኛ መጠን ነው። ባንክ የተዘጋበት ዓመት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እናቷ ኣደይ ኣብርሀት የሞቱት በዚያ ዓመት ነው። የዕድሩ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ነበረ፤ አንድ ብር ማውጣት ግን አልተቻለም። ድንኳን አልተተከለም፤ ለቀስተኛው ደጅ ላይ ቆሞ ተመለሰ፤ ኣደይ ኣብርሀት ከጎረቤት በተዋስነው ጋቢ ተገንዘው ተቀበሩ። ጋቢውን እስካሁን አልመለስንም፤ ባለቤቷም ጠይቃን አታውቅም።

"ከፍተኛውም ዝቅተኛውም አንድ ነው" አለች ዳናይት ወደ እኔ ሳትዞር። "ሳይነቃነቅ ነው ዓመቱን የጨረሰው።" ከዚያ ቁጥሩን ጻፈችና አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ያ ገንዘብ ለእናቷ መቅበሪያ አለመሆኑ ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ የእሷ እንደሆነ ተቆጥሮ ትጠየቅበታለች። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አንድን ወረቀት ጠልቼ አላውቅም።

ሞልታ ከመላኳ በፊት ለአባላቱ መናገር አለብኝ አለች። ለማንም መናገር አይጠበቅባትም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዕድሩ ሲሰበሰብ ቆማ ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳች፤ የሚነካ ብር እንደሌለ፣ የሚነገረው የባንኩ ስምና መጠኑ ብቻ እንደሆነ። ጉባኤው አልሰማትም። ከሰማው ሁሉ "አሜሪካ" እና "ሒሳባችን" የሚሉትን ሁለቱን ቃላት ብቻ ይዞ ተነሣ። አንዱ ገንዘቡ ሊወረስ ነው አለ። ሌላው ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልክለት የልጁ ስም ይጠራ እንደሆነ ጠየቀ። ገብስማ ፀጉራቸውን ያበጠሩት አቶ ፍሰሃጽዮን ተነሥተው፣ የሰፈር ምሥጢር ለባዕድ መንግሥት ሲሰጥ ሊቀመንበር ሆነው ዝም ብለው ማየት እንደማይችሉ በረጅሙ ተናገሩ። ምሥጢር ያሉት ነገር ዕለቱን በሙሉ በሰፈሩ ሻይ ቤት ሲወራ የሚውል ነው።

"ስሜን የጻፋችሁት አሜሪካዊት ናት ብላችሁ ነው" አለች ዳናይት። "እኔ ያኔም ዛሬም ያው ነኝ። የምታምኑኝ ከሆነ እፈርማለሁ፣ ጉድጓዱንም እናስቆፍራለን። የማታምኑኝ ከሆነ ግን ፓስፖርቴን ሳይሆን እኔን ነው ያላመናችሁት።"

ጥሩ ንግግር ነበር፤ ማንም አላጨበጨበም። እጅ ይውጣ ተባለ። በአሜሪካዊነቷ የመረጧት ሰዎች በአሜሪካዊነቷ ሻሯት፤ የተሻረችባቸው እጆች ያኔ ለሹመቷ ከተቀሰሩት ጣቶች ይልቅ ፈጥነው ወጡ። እኔ ኣቦይ ሃይላይን ነበር የማየው። የዕድሩ መሥራች ናቸው፤ ከፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። እጃቸውን ለመደገፍም ለመቃወምም አላወጡም፤ አንድ ቃልም አልተናገሩም። ቤት ስንገባ የመስታወቱን ወረቀት ከግድግዳው አውርደው ወደ መኝታ ክፍላቸው ወሰዱት። ሚስማሩ ብቻ ቀረ።

ዳናይት የሞላችውን ላከች። ከዚያ ታላቅ መንግሥት የመጣው መልስ አንድ መስመር ነው፤ ደርሶናል ይላል። አመሰግናለሁ እንኳ የለበትም። አዲስ ፈራሚዎች ተመረጡ፤ ሦስት ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ስለማያምን ሦስቱ አብረው ባንክ የሄዱበት ቀን እስካሁን አልታየም። ቆፋሪው ድርጅት ዋጋ ጨመረ። ጉድጓዱ ሊቆፈር የታሰበበት ቦታ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዳናይትም በዚያ በኩል ላለማለፍ ወደ ሥራ በጀርባው መንገድ ዞራ ትሄዳለች።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ፍሰሃጽዮን ቤታችን መጡ። ዳናይትን ከሻሯት ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። ኣቦይ ሃይላይ ተቀመጥ አሏቸው፤ ዳናይት ሻይ አቀረበች። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ብዙ ካወሩ በኋላ ባዶውን ሚስማር አዩና ወደ መጡበት ጉዳይ ገቡ። ሰላማዊ የምትባለው የእሳቸው ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ለጉብኝት የአሜሪካ ቪዛ አግኝታለች። እዚያ ወልዳ ብትመጣ ብለው አስበዋል። እዚያ የተወለደ ሁሉ ዜጋ የሚሆንበት ሕግ ይለወጣል እየተባለ ነውና በሩ ሳይዘጋ ቢፈጥኑ ይሻላል። ኣቦይ ሃይላይ በጊዜው እንዴት እንዳደረጉት፣ የልደት ወረቀቱን የሚሰጠው ሆስፒታሉ ይሁን ማዘጋጃ ቤቱ ለመጠየቅ ነው የመጡት። ነገሩ በእኛው መካከል ይቅር፣ አባላቱ ባይሰሙት ደግ ነው አሉ።

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ልናገር ስል ዳናይት በዓይኗ ከለከለችኝ። አጠገባቸው ተቀምጣ የወረቀቱን ነገር የምታውቀውን ያህል ነገረቻቸው። ከዚያ ደግሞ ሌላውንም ሁሉ ነገረቻቸው፤ ልጁ ሲያድግ በየዓመቱ ማሳወቅ እንዳለበት፣ ቢያሳውቅ የሚያመሰግነው፣ ባያሳውቅ የሚምረው እንደሌለ፣ ዜግነቱ ለልጁ ላይተርፍ እንደሚችል። ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም፤ ለበሽተኛ መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ ስታስረዳ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። እኔ እሷን ብሆን አልችልም ነበር።

አቶ ፍሰሃጽዮን በትዕግሥት አዳምጠው ፈገግ አሉ። "ይህ ሁሉ ላደገ ሰው ነው ጓለይ" አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሕፃን ምን ሒሳብ አለው?"

ያን ጊዜ ኣቦይ ሃይላይ፣ ከዚያች እሑድ ወዲህ በዚህ ነገር ትንፍሽ ያላሉት ሰውዬ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስተኙ።

"ያድጋል፣ ፍሰሃ" አሉ። "እኔም ሕፃን ነበር ይዤ የመጣሁት። ያድግና እዚሁ ሰፈር ይኖራል፣ እናቱንም እዚሁ ይቀብራል። ደግ ልጅ ከሆነ ፈራሚ ታደርጉታላችሁ። ከዚያ አንድ እሑድ አስቁማችሁ ባዕድ ነህ ትሉታላችሁ፤ አያቱ ደግሞ እንደ እኔ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ይላል።"

ዳናይት አባቷን አየቻቸው፤ ከእሳቸው የፈለገችው ይኸው ቃል እንደነበረ ያኔ ገባኝ። አቶ ፍሰሃጽዮን ጎንበስ ብለው ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳሩ ሟምቶ ካለቀ ቆይቷል። አንገታቸው ሥር ላብ አየሁ፤ እውነት አፍረዋል ብዬ ትንሽ አዘንኩላቸው። ከታች መንገዱ ላይ የውሃ ቦቴው ጥሩንባ ሲነፋ ሁላችንም ተነሣን፤ ዳናይት ጀሪካኖቿን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች።

አቶ ፍሰሃጽዮን ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ደጃፉ ላይ ደረሱባት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰላማዊ እዚያ ስትደርስ እንድትደውልለት፣ ሲያትል ያለውን የሽሻይን ስልክ ቁጥር ጠየቋት። ጀሪካኖቹን መሬት አስቀምጣ ሰጠቻቸው።