ዘላለም ፕላስ

ልብስ ሰፊዋን ጉድ የሠራት ይሉኝታዋ ነው። ስልኳ ሞልቶ እምቢ ሲላት፣ የሟች እናቷ ድምፅ እንዳይጠፋባት ፈርታ ወደ ስልክ ሱቅ ሄደች። አሥራ ሁለት የድምፅ መልእክቶች ናቸው። ሆዷ ስለሚባባ እናቷ ከሞተች ወዲህ አንዱንም ደግማ አልሰማችም፤ መኖራቸው ብቻ ይበቃት ነበር።

ሻጩ አፈ ጮሌ ነው። «ደመና ላይ እናስቀምጥልሻለን» ብሎ ጀመረና «ሕያው ማኅደር»፣ «ብልህ ጥልቀት»፣ «ዘላለም ፕላስ» እያለ ወረቀቱን አነበነበው። አንዱም አልገባት፤ እሱም የገባው አይመስልም። ከኋላዋ ሰው ተሰልፏልና «ምን ማለት ነው?» ብላ መጠየቅ አፈረች። ዘላለም የሚለው ደስ ስላላት እሱን ፈረመች፤ ስልኳ ላይ የነበረውንም እዚያው አስጠፋችው። ወይ ነዶ!

በሳምንቱ መልእክቶቹ አሥራ ሦስት ሆኑ። ደግማ ቆጠረች፣ ያው አሥራ ሦስት። አዲሱን ስትከፍተው የእናቷ ድምፅ ነው፣ ከነሳሏ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ምሳሽን ሳትበዪ ዋልሽ» ትላለች። እውነትም አልበላችም ነበር። መቀሱን አስቀምጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ሱቁ ስትመለስ ሻጩ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ፣ «ፕላሱ እሱ ነው፤ ማኅደሩ ራሱን ያሳድጋል» አላት።

«የድሮዎቹን ብቻ መልስልኝ።»

«ማሽኑ አይለያቸውም እኅቴ፤ ቀናቸውንም ቀያይሮታል። ውሉን ካፈረስሽ አንድ መርጠሽ መውሰድ ትችያለሽ፤ የቀረው ይጠፋል።»

ቤቷ ስትደርስ አርባ ሆነዋል። አበደች እንዳይላት ፈርታ ለታላቅ ወንድሟ ምኑንም አልነገረችው፤ «እማዬን እማዬን የሚሸተውን አንድ ምረጥልኝ» አለችው ብቻ። አንድ በአንድ ሰማ። ሃያ ምናምነኛው ላይ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ይቺ ናት እማዬ» አለ። «ሌሎቹ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል።»

መልእክቱ «መንታዎቹን ሳሙልኝ፤ ትንሹ ቁርጥ አባቱን ነው» ይላል። እናታቸው ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። የወንድሟ መንታ ልጆች የተወለዱት አምና ነው፤ እሱ ግን ከናፍቆቱ የተነሣ ይህን ልብ አላለም።

ልትነግረው አፏን ከፍታ ፊቱን አየችው። «እስቲ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት።

ውሉን አላፈረሰችም። መልእክቶቹ አሁን ሦስት መቶ አልፈዋል፤ እናቷ በሕይወት ሳለች የላከቻቸው የትኞቹ እንደሆኑ እሷም አታውቅም።