ዐዚዛ የተባሉ ሁሉ

«አባቴ! ኧረ አባቴን!» እያለች አንዲት የገጠር ሴት ደረቷን እየደቃች ወደ ድንኳኑ ስትገባ፣ የሴቶቹ ወገን ለቅሶውን አቁሞ ዞረ። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። አሮጊት እናቷ ከኋላ ትከተላታለች።

«ስምሽ ማን ነው፣ እቴ?» አለቻት የሐዘንተኞቹ ጎረቤት ረውዳ፣ ቦታ እየለቀቀችላት።

«ዐዚዛ።»

ሾፌሩ ዐብደላ የተቀበረው ትናንት ነው። አንድያ ልጁ ዐዚዛ ከእናቷ ከሐዲጃ ጎን ተቀምጣ፣ የራሷን ስም ከባዳ አፍ ስትሰማ ቀና አለች። ረውዳ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«አፍንጫዋን አየሽው? ቁርጥ አባትሽን!»

ሹክሹክታው ከፍራሽ ፍራሽ ተሻገረ። ዐብደላ እህል ልጫን እያለ ጃናሞራ ገጠር የሚሰነብተው ለካ ወዶ አይደለም! ሐዲጃ ዐይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ዐዚዛ እስካሁን አላለቀሰችም ነበር። ልጅ ሳለች የጎንደር አራዳ ሰፈር ልጆች «የመኪና ሞክሼ» እያሉ ያበሽቋት ነበር፤ የአባቷ የጭነት መኪና ግንባር ላይ በቀይ ቀለም «ዐዚዛ» ተብሎ ተጽፏልና። አንድ ቀን ከመንገድ ሲገባ ጠብቃ፣ «አባ፣ በስሙ የቀደምኩት እኔ ነኝ ወይስ መኪናዋ?» አለችው። አቧራውን እያራገፈ ሳቀ። «መኪናዋማ ታላቅሽ ናት!» መቀለዱ ነበር። እሷን ግን ቆረጣት፤ ዳግመኛ አልጠየቀችውም። እሱም ወሬ የማያበዛ ሰው ነውና ነገሩ በዚያው ቀረ። ከመኪና የተረፈ ስም ተሸክማ ያደገች ይመስላት ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ዐዚዛ።

«እትዬ» አለች አሮጊቷን፣ «ልጅዎ አባቴን አባቴ የምትለው በምን ምክንያት ነው?»

አሮጊቷ ስንዱ የሰዉ ሐሜት የገባት ያን ጊዜ ነው።

«ውይ በሞትሁት! ምነው ልጄ፣ እንዲያስ አይደለም! ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ምጥ ጠንቶብኝ አያ ዐብደላ ወደ ጎንደር ሲያመጣኝ፣ ኩርባው ላይ ማኪናዋን ጭቃ ያዛት። የእህሉን ሸራ አውርዶ ጋረደኝ፤ እሱ ዶፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ልጂቱ ስታለቅስ እሱም አለቀሰ። ‹ማን ልበላት?› አልሁት። ከማኪናዋ የተጻፈውን አሳየኝ። ‹ማኪናዬ ድሮ ስም አልነበራትም። አሁን ልጅ ተወለደችልኝና አራስ ቤት ጥያት ወጣሁ። እኔ ስሟን ሳልጠራ ስለምሰነብት፣ መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ይጥራልኝ ብዬ አስጻፍሁት› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማኪናዋ ብቅ ባለች ቁጥር የኛ አገር ልጆች ‹ዐዚዛ መጣች!› እያሉ ነው የሚሮጡ። ኩርባውም ዐዚዛ ተባለ፤ ልጄም ዐዚዛ። ስም ያወጣላት እሱ ነውና አባቴ ትለዋለች።»

ረውዳ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«አባ…» አለች የሐዲጃ ልጅ ዐዚዛ። ረግጣው የማታውቀው ተራራ ሁሉ ስሟን ሲጠራ ኖሯል። እንባዋ ያን ጊዜ ወረደ።

ሐዲጃ ቀና አለች።

«ዐዚዛ፣ ነይ ወደኔ።»

እንግዳይቱ ልትነሳ ብላ፣ አፍራ መልሳ ተቀመጠች። ዐዚዛ እጇን ያዘቻት።

«ተነሽ እንጂ» አለቻት። «እየጠራችን ነው።»