አስተርጓሚው አንድ ቃል አይጥልም

ዑራኤል በሪጀንት ፓርክ አዳራሽ የሚሠራውን የትርጉም ሥራ የተቀበለው የእንግዳውን ስም አይቶ ነው። የአስተርጓሚ ድርጅቱ «ቅዳሜ ከሰዓት፣ አማርኛ፣ ከተዋናይ በርናባስ ጋር ውይይት» ብሎ ሲልክለት ሳቁ አመለጠው። እግዜር ቀኑን አመጣው፣ አለ በሆዱ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቂሙን ይዞት ኖሯል። ሬክስዴል ሰፈር አንድ ቤት ተከራይተው ሲኖሩ፣ በርናባስ ዑራኤል ወንድ እንደሚወድ ደረሰበትና በቀጥታ ወደ ዑራኤል አባት ወደ ጋሽ ገብረክርስቶስ ሮጠ። ሽማግሌውም ከቅዳሴ በኋላ ምዕመኑ ፊት ቆመው «ከዛሬ ጀምሮ ዑራኤል የሚባል ልጅ የለኝም» አሉ። ያ ሃፍረት እስከ ዛሬ ከዑራኤል አንጀት አልወጣም።

ይኸው በርናባስ ደግሞ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው፣ አሁን በአንድ ፊልም ጌይ ሆኖ ተውኖ ስሙ ገነነ። ዑራኤል ፊልሙን ብቻውን ሲኒማ ገብቶ አይቶታል። ፊልሙ ውስጥ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚከልለው፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውለው፣ ሲናደድ ጆሮውን የሚያሸው ማን ሆነና? ራሱ ዑራኤል! ያዋረደውን ሰው እንደ ኮት አንስቶ ለብሶታል። ጋዜጦቹም «ደፋር» አሉት። እሱ ሲጫወተው ጀግንነት፣ እኔ ስኖረው ነውር! ዑራኤል ከሲኒማው የወጣው ጥርሱን ነክሶ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ፊልሙን የሠሩት ፈረንጆች፣ ከኋላ የደብሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። በርናባስ ሽማግሌዎቹን «ፊልሙ ስለ ስደተኛ ስቃይ ነው» ብሎ ጋብዟቸዋል። ዑራኤል መሃላቸው አባቱን አየ። ሽማግሌውም አዩት፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

በርናባስ መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክ የያዘው አስተርጓሚ ማን እንደሆነ ሲያይ ላብ ችፍ አለበት። ዑራኤል ደንቡን በሁለቱም ቋንቋ ተናገረ፦ «እዚህ የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ። 'እኔ' ስል ተናጋሪው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልጥልም።»

አወያይዋ ፈረንጅ፣ ይህን ገጸ ባሕርይ ከየት እንዳገኘው በርናባስን ጠየቀችው። እሱም በእንግሊዝኛ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ መለሰ፦ «አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ቤተሰቡ ሲያባርረው አብሬው የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ፊልሙን የሠራሁት ለእሱ ብዬ ነው።»

ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። በርናባስ እንግሊዝኛውን ለፈረንጅ፣ አማርኛውን ለሽማግሌ ለይቶ መናገር የለመደ ሰው ነው፤ ሁለቱ ወሬዎች አንድ ቤት ገብተው አያውቁም። ዑራኤል አስገባቸው። የተባለውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለሰው።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «አንተ! ቤቴ ድረስ መጥተህ 'ልጅዎ አዋረደዎት' ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ዑራኤል በእንግሊዝኛ ሲደግመው የአወያይዋ ፈገግታ ደረቀ። በርናባስ ፈጥኖ ወደ አማርኛው ዞረ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አክቲንግ ነው። ሮሉን ሲሰጡኝ ለእንጀራ ብዬ ሳይን አደረግኩ እንጂ፣ እኔም እንደናንተው እጸየፋቸዋለሁ።»

ይህንንም ዑራኤል ጥርት ባለ እንግሊዝኛ አቀረበው። የፊልሙ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«በማርያም፣ ይሄን አትተርጉመው» አለ በርናባስ በሹክሹክታ።

ዑራኤል ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና «በማርያም፣ ይሄን አትተርጉመው» አለ በእንግሊዝኛ። ከፊት አንድ ሰው ሳቀ። ዑራኤልን በሕይወቱ እንዲህ የጣፈጠው ነገር አልነበረም።

መግቢያ ያጣው በርናባስ ጮኸ። «ታዲያ እኔ ነገርኩዎት እንጂ ያባረሩት እርስዎ ነዎት!»

ዑራኤል ተረጎመው፤ ይህኛው ግን አልጣፈጠውም።

«እውነቱን ነው» አሉ ሽማግሌው። «ያባረርኩት እኔ ነኝ።»

ደንቡ ደንብ ነውና ዑራኤል በገዛ አፉ «ያባረርኩት እኔ ነኝ» አለ።

ጋሽ ገብረክርስቶስ እየተጎተቱ እስከ መድረኩ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄን አትተርጉመው። ልጄ፣ ቤትህ ና።»

ዑራኤል ደሙ ፈላ። በሰው ፊት አባርሮ በሹክሹክታ መጥራት! ማይኩን ወደ አባቱ አፍ ዘረጋው።

«አልሰማሁም አባባ። ያኔ ምዕመኑ ሁሉ ሰምቶዎታል፤ ዛሬም ሁሉም ይስማዎት።»

ሽማግሌው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ ዑራኤል፣ ቤትህ ና» አሉ። ድምፃቸው እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።

ዑራኤል ማይኩን ተቀብሎ በእንግሊዝኛ ደገመው፣ አንድ ቃል ሳይጥል። ቀጥሎ ማይኩን አጠፋ።

«እመጣለሁ አባባ። ዛሬ ግን አይደለም፤ እርስዎም ትንሽ ይጠብቁ።»

አወያይዋ ምን እንዳለ ጠየቀችው። ይህችን ግን ለማንም አልተረጎማትም።