ወለሉ የሚሞቅ ቤት

የወርቅውሃ የዚያን ዓመት የዕረፍት ጊዜዋን ለመተኛት ነበር ያሰበችው። ባልደረቦቿ ስለ ስፔን ባሕርና ስለ ግሪክ ደሴቶች ሲያወሩ፣ እሷ ፍራንክፈርት ዳር ቦናመስ በሚባል ሰፈር ባለው ፎቅ ቤቷ መጋረጃውን ጋርዳ፣ ስልኳን አጥፍታ፣ በቃኝ እስክትል ልትተኛ። ለልጇ ለመቅዲም ይህንኑ ነግራታለች።

ሥራዋ የአረጋውያን እንክብካቤ ነው። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ኡ-ባን በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡርና በትራም ከተማውን አቋርጣ፣ ቤት ለቤት እየዞረች አቅም ያነሳቸውን ሰዎች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። የዕለቱን ዙር «ቱር» ይሉታል። አንዱን ቱር ሳትጨርስ የታመመ ባልደረባ ቱር ይደረብባታል። ድሮ ድካሙ ወገቧ ላይ ነበር፤ ተኝታ ስትነሳ ይለቃታል። እናቷ ካረፉ ወዲህ ግን ሌላ ዓይነት ድካም መጣባት። ጋደም ትላለች እንጂ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ቢወስዳትም እንደደከማት ትነሳለች።

እናቷ ያረፉት ደሴ ነው፣ በዐቢይ ጾም። መርዶው ሲመጣ ግማሹ ባልደረባዋ በጉንፋን ወድቆ ስለነበር፣ «ቼፊን» የሚሏት የሥራ ኃላፊዋ ይህ ሳምንት ብቻ ይለፍልኝ ብላ ለመነቻት። ሳምንቱ አለፈ፤ ቀብሩም አለፈ። የፍራንክፈርት ሐበሻ ቦናመስ ድረስ እየመጣ ጥቂት ምሽት አብሯት ተቀመጠ፤ ምግብ ያመጣው አመጣ፣ ያጽናናው አጽናና። ከዚያ የሥራ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ኋላ ልሂድ ብትልም ምን ልታደርግ እንደምትሄድ አልታይ አላት፤ ጉልበቱም አልነበራትም።

ጠዋት መጀመሪያ የምትገባው ወይዘሮ ቻ፣ በጀርመንኛው ፍራው ቻ፣ ቤት ነው። ፍራው ቻ የኦስትሃፈን ወደብ ክሬኖች በመስኮት በሚታዩበት ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ኮሪያዊት ናቸው። ጀርመን ነርስ አጥሯት ከኮሪያ ወጣት ሴቶችን ስታስመጣ ከመጡት አንዷ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ከተማ ሆስፒታል ሠርተዋል። አላገቡም፣ አልወለዱም። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ካደከመው ወዲህ ቤት ውስጥ በምርኩዝ፣ ውጭ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። የወርቅውሃ የሚለው ስም ምላሳቸው ላይ ስለሚከብዳቸው «ሽቬስተር ወርቅ» ይሏታል፤ ነርስ ለነርስ የምትጠራራበት የአክብሮት ስም ነው።

በጀርመኖቹ በጋ መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ የደከመውን እግራቸውን እያሸችላቸው ሳለ ፎቶዎች አሳዩዋት። አንዶንግ ከምትባል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ የሚገኝ የእንጨት ቤት ነው። ክዳኑ ጥቁር ሸክላ፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ። በሮቹ በነጭ ወረቀት የተለበዱ። ከፊቱ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚቀመጥበት ሰፊ የእንጨት በረንዳ አለው። የወንድማቸው ልጅ አድሶት የእንግዳ ማረፊያ አድርጎታል።

«እኔ የተወለድኩባት ክፍል ውስጥ አሁን ቱሪስት ያድራል» አሉ፣ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው በማይታወቅ ድምፅ።

ቤቱ አልጋ እንደሌለው ነገሯት። እሳቱ የሚነደው ወጥ ቤት ነው፤ ሙቀቱ ከወለሉ ሥር በተደረደሩት ድንጋዮች መሃል አልፎ ጭሱ በወዲያኛው ግድግዳ ይወጣል። ሰው ቀጭን ፍራሽ ዘርግቶ እዚያው የሞቀው ወለል ላይ ይተኛል። ሐኪማቸው አጃቢ ካገኙ መብረር ይችላሉ ብሏቸዋል። የሚያምኑት ሰው ደግሞ ከእሷ ሌላ የላቸውም፤ አብራቸው እንድትሄድ ጠየቋት።

የወርቅውሃ አልችልም አለች። ዕረፍቷን የምትፈልገው ለራሷ እንደሆነ፣ በጣም እንደደከማት በትሕትና ነገረቻቸው። ፍራው ቻ አልተከራከሩም። ካልሲያቸውን እስክታጠልቅላቸው ጠብቀው ብቻ፣

«ከሰዓት በኋላ ምንም ሥራ አይኖርሽም» አሉ። «እዚያ ሰው ይተኛል።»

ማታ ለመቅዲ ስትነግራት ልጅቷ ቤቱን በላፕቶፕ ፈልጋ አገኘችው። ወንዙን፣ ተራራውን፣ በመከር ወርቅ የሚመስለውን የሩዝ ማሳ እያሳየቻት ብዙ ሳታወራ በጀርመንኛ «ጌህ አይንፋህ» አለቻት፤ ዝም ብለሽ ሂጂ ማለቷ ነው። የወርቅውሃ ምክንያት ደረደረች። ልጅቷ ላፕቶፑን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ ትታላት ሄደች። የወርቅውሃ ፎቶዎቹን ስታይ ቆየች። ዓይኗ የተመለሰው ተራራው ላይ አልነበረም፤ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ የተዘረጋ አንድ ፍራሽ ላይ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሄዱ፤ እንደ ፈረንጆቹ 2012 ነበር። የፍራው ቻ ወንድም ልጅ ከኢንቾን አየር ማረፊያ በመኪናው ተቀበላቸው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጨዋ፣ ትንሽ የሚጨነቅ ሰው ነው። አክስቱን ካያቸው ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ እንዴት እንደሚያስተናግዳቸው ሲጠፋው አገሩን ሊያሳያቸው ተነሳ።

ሃህዌ የሚባል፣ ወንዙ ዙሪያውን የተጠመጠመበት ጥንታዊ መንደር ወሰዳቸው። የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች ከሸክላ ክዳኖቹ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከማዶ ገደል ተገትሯል፤ በወንዙ ዳር ጥድ ተሰልፏል። ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ትልቅ ዛፍ ግንድ ዙሪያ ጎብኚዎች ምኞታቸውን በወረቀት ጽፈው አስረዋል። በማግስቱ ተራራ ላይ ያለ የቡድሃ ገዳም ወሰዳቸው። ግቢው በረገፈ ቢጫ ቅጠል ተሸፍኗል። ከመነኮሳቱ ጋር ለማደር፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ጸሎት ለመቆም ከከተማ የመጡ ወጣቶች ግራጫ ልብስ ለብሰው ይመላለሳሉ። የወርቅውሃ ጎህ ሳይቀድ ለመነሳት ሰው ይህን ያህል መንገድ መምጣቱ ገረማት።

ሁሉም ያምር ነበር፤ ማማሩን ታያለች። ግን ተሽከርካሪ ወንበሩን አሸዋ ላይ ትገፋለች፣ ደረጃ ሲመጣ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ታነሳለች፣ መድኃኒት ሰዓቱ እንዳያልፍ ታያለች። ውበቱ ዓይኗ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ማታ ወለሉ እንደተባለው ሞቃት ነው፤ እሷ ግን ጣሪያውን ስታይ ታነጋለች። ፍራው ቻም ከጎኗ እንደነቁ ታውቃለች።

ከጎረቤት አንድ በጣም ያረጁ ሰው ኢትዮጵያዊት መጥታለች ሲባል ሰምተው ኖሮ፣ ልብሳቸውን አሳምረው መጡ። በልጅነታቸው፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የኢትዮጵያ ወታደሮች አይተው ነበር። ከቤተሰቧ የዘመተ አለ ወይ ብለው በፍራው ቻ በኩል አስጠየቋት። ማንም እንደሌለ፣ አባቷ ደሴ ልብስ ሰፊ እንደነበሩ መለሰች። ሰውየውን ያሳዘነች መሰላት። ሽማግሌው ግን ቲማቲም የሚመስል ጣፋጭ የዛፍ ፍሬ በረንዳው ላይ አስቀምጠው፣ እጅ ነስተው ሄዱ።

ቀጥሎ ባለው ቀን ፍራው ቻ ወላጆቻቸው መቃብር መሄድ እንደሚፈልጉ ተናገሩ።

መቃብሩ ከመንደሩ ጀርባ ኮረብታው ላይ ነው። ወንበሩ ስለማይወጣ የወንድማቸው ልጅ አክስቱን አዝሎ ወጣ። የጥድ ዛፎች መሃል ሣር የለበሱ ሁለት ክብ ጉብታዎች ነበሩ። ከዚያ ላይ ቆሞ ሲያዩት መንደሩ፣ ማሳውና ወንዙ አንድ ላይ ይታያሉ። እሱ ያመጣውን ፍራፍሬና መጠጥ አቀረበ፤ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሰገደ። ፍራው ቻ እንደሱ ለመስገድ ሞከሩ። ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ፤ ግራ እጃቸውም አልያዛቸውም። የወርቅውሃ ደግፋ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና በጀርመንኛ፣ «በኔ ፈንታ ስገጂልኝ» አሏት።

የወንድማቸው ልጅ እኮ ሰግዷል አለቻቸው።

«እሱ የራሱን ነው የሰገደው» አሉ። «እናቴ ስትቀበር አልነበርኩም። ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ የሚተካኝ ጠፋ። ኋላ መጥቼ መቃብሩን አየሁ እንጂ፣ ሴት ልጅ የሚገባትን አላደረግኩም። ከዚያ ደግሞ ደከመኝ።»

የወርቅውሃ የኦርቶዶክስ ልጅ ናት። ለማታውቀው ሰው መቃብር፣ በማታውቀው ሥርዓት መስገዱ ከበዳት። ንስሐ አባቷ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን ብላም አሰበች። ግን «ከዚያ ደግሞ ደከመኝ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀርቶ ነበር። ይህችን ቃል ማንም ሲላት አልሰማችም፤ ራሷም ለማንም ብላ አታውቅም። ጫማዋን አወለቀች። ነጠላ ስላልያዘች የአንገት ልብሷን ራሷ ላይ ጣል አደረገች። ተንበረከከች፣ ግንባሯን ሣሩ ላይ አደረገች።

መነሳት ግን አቃታት።

ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የወንድማቸው ልጅ ደንግጦ ወደ እሷ ሲራመድ ፍራው ቻ በእጃቸው ከለከሉት፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። የወርቅውሃ እናቷን በስማቸው ጠራቻቸው። ደሴ ላይ፣ ሬሳው ሲወጣ ማለት የነበረባትን ሁሉ፣ ዝም ብላ የዋጠችውን ሁሉ፣ በዚያ ኮረብታ ላይ በአማርኛ አለችው። ፍራው ቻ ቃሉ ባይገባቸውም ደህናውን እጃቸውን ጀርባዋ ላይ አድርገው ጠበቁ። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ አፍራ፣ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል፣

«ጊዜ አለሽ» አሏት። «ዛሬ ቱር የለብሽም።»

ከኮረብታው ወርደው ምሳ ከበሉ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ጋደም አለች። ስትነቃ የወረቀቱ በር በፀሐይ ነጭ ሆኗል፤ የማግስቱ ጠዋት ነበር። በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍናለች። የማታው መድኃኒት ትዝ ሲላት ዘላ ተነሳች። ፍራው ቻ ተለባብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ከአጠገቧ ተቀምጠዋል። ኪኒናቸውን ራሳቸው ውጠዋል፤ የወንድማቸው ልጅ ሚስት አልብሳቸዋለች።

«እኔም ነርስ ነኝ» አሉ።

ያን ቀን የትም አልሄዱም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ማሳው ሲታጨድ ሲያዩ ዋሉ። የወርቅውሃ የተራራውን ቀለም ልብ ያለችው ያኔ ነው፤ ከላይ ቀይ፣ ወደ ታች እየወረደ ቢጫ ይሆናል። ወደ ማምሻው ፍራው ቻ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ብቻቸውን ተነጋገሩ። ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

«እዚህ መቅረት እችል እንደሆነ ጠየቅኩት» አሉ።

«ምን አለዎት?»

«እምቢ አላለኝም። ሻይ ቀዳልኝ።»

ከዚያ ያልተነገራቸውን ራሳቸው ነገሯት። ክፍሎቹ እስከ ክረምት በእንግዳ ተይዘዋል። ሚስቱ ከተማ ትሠራለች፤ ቀን ቀን የሚያነሳቸው ሰው የለም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ በእሱ ቦታ ቢሆኑ እሳቸውም ሻይ ይቀዱ ነበር። ይህን ያሉት ሳያለቅሱ ነው። የወርቅውሃ አጠገባቸው ተጠግታ ተቀመጠች።

ፍራንክፈርት ሲመለሱ ዝናብ ነበር። በማግስቱ ሥራ ጀመረች፤ ሳምንት ሳይሞላ የሌላ ሰው ቱር ተደረበባት። ወደ ቼፊን ቢሮ ገባችና በጥር ወር ከልጇ ጋር አገር ቤት እንደምትሄድ ተናገረች። ሴትየዋ የሠራተኛውን እጥረት ዘረዘረች። የወርቅውሃ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፤ ከዚያም እንደምትሄድ ደገመችላት። ሌላ አልጨመረችም። ፈቃዱ በስንት መከራ ተሰጣት። በእሷ ፈንታ ፍራው ቻ ዘንድ የምትገባውን ሰሎሜ የምትባል አዲስ ልጅ አለማመደችና ደሴ ሄደች።

በሚያዝያ፣ ሥራ በሌላት አንድ ቅዳሜ፣ ፍራው ቻን ግሩኔቡርግፓርክ በሚባለው የከተማው መናፈሻ ውስጥ ወዳለው የኮሪያ የአትክልት ስፍራ ወሰደቻቸው። ኩሬ፣ ድንጋይና ከእንጨት የተሠሩ ቤቶች አሉት። ፍራው ቻ ክዳኑን ቀና ብለው አይተው ጥሩ ሠርተውታል አሉ፤ ሰው ግን አያድርበትም። ኩሬው ዳር ተቀመጡ። የእናትሽ መቃብር እንዴት ነው ብለው ጠየቋት።

ነገረቻቸው። ሲሚንቶ ነው፤ ባሕር ዛፍ ያጠላበታል፤ ስማቸው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ መቅዲ ልታስተካክለው ፈልጋ ሳይሆን ቀረ። ፊደሉ የቱ እንደሆነ ጠየቋት፤ ጠጠሩ ላይ በጣቷ ጻፈችላቸው። ፍራው ቻ ጎንበስ ብለው አዩት።

ብርድ ሲጀምር ተነሱ። ኡ-ባን ጣቢያው ላይ ሊፍቱ አይሠራም ነበር። የወርቅውሃ ተነፈሰች፤ የፍራው ቻን ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አስተካክላ ወንበሩን ወደሚቀጥለው ጣቢያ መግፋት ጀመረች።