የጋሼ ቀለበት

«ጋሼ፣ ቀለበትዎ ተገኘ!» አለች፣ ገና በሩን ሳትዘጋ።

መምህሯ ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል። አንድ ግዙፍ የጋላክሲዎች ክምችት ዙሪያውን በኤክስሬይ የሚያበራ የጋለ ጋዝ እንደ ቀለበት ከቦታል እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረዋል፤ የሚያምናቸው ግን አላገኙም። የሥራ ባልደረቦቻቸውማ «ቀለበቱስ ይሁን፣ ሙሽራዋ የታለች?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እሷ ያኔ ተማሪያቸው ናት። ሁልጊዜ የምስሉን ዳር ስለምትጎረጉር «ጠርዜ» ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ፣ እንደ ድሮው ወንበሯን ስባ ከግራቸው ተቀመጠች። ያቺ የጥንቷ ክፍል ትዝ አለቻት፤ መስኮቷ አልዘጋ የሚል፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ኮሪደር ላይ የሚቆምባት። አንዱን ስክሪን ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ነበር የሚያዩት። እንዴት ደስ ይል ነበር! አሁን ሰፊ ቢሮ አላት፤ የሚጋፋት ትከሻ ግን የለም።

አዛውንቱ አንገታቸውን ቀስ እያደረጉ ምስሉን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኙት። ቀለበቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ዳሩን እንዴት አድርገሽ ነው ያስተካከልሽው?»

«እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነዋ! የቴሌስኮፑ መስታወት ከመሃል ብዙ፣ ከዳር ጥቂት ነው የሚያሳልፈው። ምስሉን በየቦታው በሚያሳልፈው መጠን አካፈልኩት።»

«ከማካፈልሽ በፊትስ ቀንሰሻል?»

አልቀነሰችም። በመስታወቱ በኩል የማይመጣ ነገር አለ፤ ከህዋ እየተወረወረ መመዝገቢያውን በቀጥታ የሚመታ ብናኝ። እሱ መሃልም ዳርም ያው ነው። አስቀድመው ካልቀነሱት፣ ሲካፈል ዳር ዳሩ ላይ አብሮ ይነፋና የሌለ ብርሃን ይፈጥራል። ይህን ለጀማሪዎች ስንቴ አስተምራለች! ቀለበቱን ለማየት ስትጣደፍ እሷው ራሷ ዘለለችው።

ቀነሰች። እንደገና አካፈለች። ቀለበቱ ድራሹ ጠፋ።

«ምነው ዝም ቢሉኝ፣ ጋሼ? ላስደስትዎ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ደስ እንዲለኝ አንቺ በሰው ፊት ትዋረጂ? ተይ እንጂ!» ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። ከዚያ ግራ ተጋብተው ዞር ዞር አሉ። «ደግሞስ የት ገባሽ? ድምፅሽን ብቻ ነው የምሰማው።»

«እዚሁ ጎንዎ ነኝ።»

«አልነገርኩሽም ለካ። ዓይኔ ከዳር ከዳር እየጨለመ ነው። የሄደው አይመለስም ብሎኛል ሐኪሙ። የቀረኝ መሃሉ ነው።»

ለዚህ የሚካፈልም የሚቀነስም የላትም። ላፕቶፑን ዘጋች፤ ወንበሯን አንስታ ጠረጴዛውን ዞረችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«አሁንስ?»

አዛውንቱ ትክ ብለው አዩዋት።

«እንዴ፣ ጠርዜ!» አሉ። «መቼ ሸበትሽ?»