ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጫማ

ልብስ ሰፊዋ አባቷን አረጋውያን መንከባከቢያ አስገብታ ስትመለስ፣ ሽማግሌው ከበሩ ላይ ሆነው እጃቸውን እንኳ አላነሱላትም። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ የገባበትን እግራቸውን የሌላ ሰው እግር ይመስል ቁልቁል እያዩ ቀሩ።

የራሳቸው ጫማ በፌስታል ታስሮ ከመኪናዋ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሰጠቻት የመንከባከቢያው ኃላፊ ናት። "ውሰጂው እህቴ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርግላቸዋል? በዚያውም እየወጡ አያስቸግሩንም" ብላ ፈገግ አለች። ልብስ ሰፊዋም ድካሙ አደንዝዟት "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ተቀበለች።

ከተማውን ከወጣች በኋላ ያቺ ምስጋና ትዝ አለቻት።

"እግዜር ይስጥልኝ!" አለች ለብቻዋ፣ መሪውን በመዳፏ እየመታች። "ለምኑ ነው የሚሰጥልኝ?"

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሰውየው ጫማ ሰፊ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጫማ ጉልበታቸው መሃል ይዘው ኖረው፣ ለራሳቸው ብለው የሰፉት ይህን ቡናማውን ብቻ ነው። ጠዋት ጠርገው ሳያስሩት እህል አይቀምሱም። "ባዶ እግሩን የሚበላ በሽተኛ ነው" ይላሉ። ልጃቸው መንከባከቢያውን በመምረጧ አልቆጫትም፤ ምድጃ ለኩሰው እየረሱ ስንቴ ጭስ ውስጥ አግኝታቸዋለች። ግን ከእሳት አድኑልኝ አለች እንጂ ከሰው ተራ አውጡልኝ መቼ አለች?

ነዳጅ ማደያው ጋ ስትደርስ ታናሽ ወንድሟ ደወለ። ዳር ይዛ አቆመች።

"እትዬ፣ ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"ተመስገን! ተገላገልን በይኛ።"

"ከምን? ከነቀርሳ ነው የተገላገልከው?"

"ኧረ እንደሱ ማለቴ አይደለም..."

"ጫማቸውን ወሰዱባቸው።"

"ለጫማ ነው እንዲህ የምትጮሂው? ደግሞስ የት ሊሄዱበት ነው?"

"አንተ! ቀዳዳ ጫማ አድርገህ ትምህርት ቤት ሄደህ ታውቃለህ? ማን ነበር የሚሰፋልህ?"

"እሱማ..."

"እሱማ ምን? አንተን በእግርህ ያቆመህን ሰው እግር አሳጥተህ ተመስገን ትላለህ?"

ጆሮው ላይ ዘጋችበት። ከዚያ የመጣችበትን ያን ሁሉ መንገድ አየችው፤ መኪናዋንም አዞረች።

ኃላፊዋ በሩ ላይ ተቀበለቻት። "ምነው እህቴ፣ የረሳሽው ነገር አለ?"

"አዎ። መቆጣት ረስቼ ነው የሄድኩት።"

"ደንባችን እኮ ነው..."

"እንዳይወጡ ከሆነ በራችሁን ዝጉ። የአባቴ እግር በር አይደለም።"

ሽማግሌው ገበታው ጋ ተቀምጠዋል። ሾርባው ሳይነካ ቆዳ አውጥቷል። ልጃቸው ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ነጠላ ጫማውን ወዲያ ወርውራ ቡናማውን አጠለቀችላቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን አዩት።

"አጥብቀሽ እሰሪው እንጂ! ሬሳ ነው እንዴ የምታለብሺው?"

"እሺ አባዬ።"

"ደግሞ አቧራ ጠጥቷል።" ይህን ብለው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ወንድሟ ደጋግሞ ደውሎ አገኘችው። መልሳ ደወለችለት።

"እትዬ፣ ይቅር በይኝ፣ እኔ እኮ..."

"ይቅርታውን ተወው። እሁድ ቡናማ ቀለምና ብሩሽ ይዘህ አባዬ ጋ ትሄዳለህ። ወለሉ ላይ ተንበርክከህ ትጠርግላቸዋለህ። ሱሪዬ ይቀደዳል ካልክ ደግሞ አምጣው፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጉልበቱ ላይ እራፊ እጥፍልሃለሁ።"